የመንገድ መዋጮው የት ገባ? ወረዳን በሰነድ ስለመጠየቅ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ በአዲስ አበባ አንድ ወረዳ ውስጥ የአንድ መንደር ነዋሪዎች በ2015 ዓ.ም. ለውስጥ ለውስጥ መንገድ ኮብልስቶንና ለጎርፍ ማፋሰሻ በየቤቱ 4,000 ብር አዋጡ። ሥራው ግማሽ ላይ ቆመ። መዋጮውን የሰበሰበው የነዋሪዎች ኮሚቴ «ገንዘቡን ለወረዳ አስረክበናል» ይላል። ወረዳው «ሠሪዎቹ ጥለው ጠፉ» ይላል። ስልሳ ሰው የፈረመበት አቤቱታ ሦስት ጊዜ ገብቶ አንድም የጽሑፍ መልስ አልተገኘም። «ከዚህ በኋላ ወደ ማን እንሂድ? ክፍለ ከተማ ወይስ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት?»

ለጊዜው ወደ ላይ አትሂዱ። ክፍለ ከተማም ሆነ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት የሚያደርገው ደብዳቤያችሁን «ተጣርቶ ምላሽ ይሰጥበት» ብሎ ወደዚያው ወረዳ መምራት ነው። ሁለት ወር ይበላና ጉዳዩ ከተነሣበት ጠረጴዛ ላይ ተመልሶ ያርፋል። መመለስ ያለባችሁ ወደ ወረዳው ነው፤ የምትይዙት ወረቀት ግን ከበፊቱ የተለየ ይሁን።

እስካሁን ያስገባችሁት አቤቱታ ነው። አቤቱታ «መፍትሔ ይሰጠን» ይላል፤ ለዚያ ደግሞ «እየታየ ነው» የሚል መልስ እስከ ዘለዓለም ይበቃል። አሁን የምታስገቡት የመረጃ ጥያቄ ነው። የመረጃ ጥያቄ በስም የተጠራ ሰነድ ነው የሚጠይቀው። ተጠያቂው ወይ ይሰጣል፣ ወይ አልሰጥም ይላል፣ ወይ የለኝም ይላል። ሦስቱም ለእናንተ ይጠቅማሉ፤ «ውሉ የለንም» የሚል ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ከማንኛውም አቤቱታ ይልቅ ኦዲተርን ያነቃል።

ሕጉ የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ነው። በ2013 የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ስለ ሚዲያ የሚናገረውን ክፍል ቢተካም የመረጃ ነፃነቱን ክፍል አልነካውም። «ያ አዋጅ ተሽሯል» የሚል ሠራተኛ ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት፤ ብዙዎቹ ከልባቸው የተሻረ ይመስላቸዋል። ከበላዩ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አለ፦ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል፣ አንቀጽ 29 የሕዝብን ጥቅም የሚመለከት መረጃ የማግኘት መብትን ያረጋግጣል። ጠያቂው ለምን እንደፈለገው እንዲያስረዳ አይገደድም። ለኮፒ የሚያስፈልገውን ወጪ ልትጠየቁ ትችላላችሁ እንጂ ለመጠየቁ ክፍያ የለም።

ደብዳቤው ከመጻፉ በፊት ግን በየቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ደረሰኝ አውጡ። የጉዳዩ መንገድ የሚለየው እዚያ ላይ ነው። ተከታታይ ቁጥር የታተመበትና የወረዳው ፋይናንስ ማኅተም ያለበት የመንግሥት ገቢ ደረሰኝ ከሆነ፣ ገንዘቡ የመንግሥት ገንዘብ ሆኗል፤ ወረዳው ይጠየቅበታል። የባንክ ማስገቢያ ወረቀት ከሆነ የሒሳቡን ባለቤት ስም አንብቡ፦ የወረዳው ሒሳብ ነው ወይስ በሦስት ሰዎች ስም የተከፈተ የኮሚቴ ሒሳብ? ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር የተገዛ ፓድ ላይ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ ገንዘቡን የተቀበለው ኮሚቴው ነው። «ለወረዳ አስረክበናል» ካለ ያስረከበበትን ሰነድ ማሳየት የእሱ ሸክም ነው። የሃያና የሠላሳ ቤት ደረሰኝ ሰብስባችሁ ፎቶ አንሡ፤ ቁጥሩን፣ ቀኑንና መጠኑን በአንድ ወረቀት ላይ መዝግቡ። ተከታታይ ቁጥሮቹ መሐል የጎደለ ጥራዝ ካለ እዚያው ላይ ይታያል። ዋናውን ደረሰኝ ለማንም አትስጡ፤ «ለማጣራት» ተብሎ የተወሰደ ደረሰኝ ሲመለስ እምብዛም አይታይም።

አሁን ምን ሰነድ እንደምትጠይቁ። «ስለ ፕሮጀክቱ ሙሉ መረጃ ይሰጠን» ብሎ መጻፍ ትልቁ ስሕተት ነው፤ መልሱ ሙሉ ገጽ ሪፖርት ሆኖ ይመጣና ውስጡ ባዶ ይሆናል። እንዲህ ያለ የወረዳ ሥራ ከታቀደ ጀምሮ እስኪከፈል የሚያልፍባቸው ወረቀቶች የታወቁ ናቸው። ከእነሱ አንዱ የክፍያ ሰርተፊኬት ነው፤ የተሠራው ሥራ ተለክቶ ክፍያው የሚጸድቅበት ወረቀት ማለት ነው። ደብዳቤው በግምት ይህን ይመስላል፦

«ለ… ወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤት። ጉዳዩ፦ በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት የቀረበ የመረጃ ጥያቄ። በወረዳችን … ተብሎ በሚጠራው መንደር በ2015 በጀት ዓመት የተጀመረውን የኮብልስቶንና የጎርፍ ማፋሰሻ ሥራ በሚመለከት የሚከተሉት ሰነዶች ኮፒ እንዲሰጠን እንጠይቃለን፦ 1ኛ. ከሠሪው ጋር የተፈረመው ውል፤ 2ኛ. የሥራ ዝርዝርና የነጠላ ዋጋ ሰንጠረዥ፤ 3ኛ. እስካሁን የተፈጸሙ የክፍያ ሰርተፊኬቶች ከነልኬት ወረቀታቸው፤ 4ኛ. ሠሪው ያቀረበው የቅድሚያ ክፍያና የውል ማስከበሪያ ዋስትና፤ 5ኛ. ከነዋሪው የተሰበሰበው መዋጮ ገቢ የሆነበት ደረሰኝና የባንክ ሒሳብ መግለጫ፤ 6ኛ. ርክክብ ተደርጎ ከሆነ የርክክብ ሰነዱ፣ ውሉ ተቋርጦ ከሆነ የማቋረጫ ደብዳቤው። ግልባጭ፦ ለወረዳው ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ለወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት።»

ከዚህ በላይ አትጻፉ። ምሬት፣ ልመና፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር ስም፣ ማንኛውም «ተበላ» የሚል ቃል አይግባበት። ለስልሳ ሰው ማስፈረምም አያስፈልግም፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ከነአድራሻቸው ይበቃሉ። ስልሳ ፊርማ ሲያዩ የሚደናገጡት የፖለቲካ ክፍሎች ናቸው፤ ጉዳዩም ከሰነድ ጥያቄነት ወጥቶ «ሕዝቡን ማወያየት» ወደሚባለው ስብሰባ ይዞራል። እዚያ ሻይ ይጠጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ውሉ ግን አይታይም።

ከስድስቱ መካከል አራተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ «ሠሪዎቹ ጥለው ጠፉ» የሚለው መልስ የሚፈተነው በእሱ ነው። የወረዳ ኮብልስቶን ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ማኅበራት ነው። መደበኛ ተቋራጭ ቅድሚያ ክፍያ ሲወስድ፣ ይህም በተለመደው የመንግሥት ግዥ አሠራር ከውሉ ዋጋ እስከ 30 በመቶ ሊደርስ ይችላል፣ የባንክ ወይም የኢንሹራንስ ዋስትና ያስይዛል። ለውል ማስከበሪያም፣ ማለትም ሥራውን እንደ ውሉ ካልፈጸመ ለሚወሰድበት ዋስትና፣ 10 በመቶ ያህል ያስይዛል። የተደራጁ ማኅበራት ግን ያን አቅም ስለሌላቸው፣ በዋስትናው ምትክ ያደራጃቸው ጽሕፈት ቤት የሚጽፍላቸው የዋስትና ደብዳቤ ይያዝላቸዋል። ስለዚህ ማኅበሩ ቢበተንም ደብዳቤውን የፈረመ መሥሪያ ቤት አለ፤ እሱ የትም አልጠፋም። ያ ደብዳቤ ፋይሉ ውስጥ ከሌለ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያው ያለ ዋስትና ወጥቷል ማለት ነው፤ ይህ ራሱን የቻለ የኦዲት ግኝት ነው። ከየክፍያው ላይ እየተቀነሰ የሚያዝ፣ በሥራው ቋንቋ ሪቴንሽን የሚባል ገንዘብም አለ። ሥራው ካልተጠናቀቀ ሊለቀቅ አይገባም ነበር።

ደብዳቤውን ማስገባት ራሱ አንድ ሥራ ነው። ሁለት ኮፒ ይያዙ። መዝገብ ቤት ሲደርሱ አንዱን ይሰጣሉ፤ በእጅዎ በሚቀረው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተምና የተቀባዩ ፊርማ እንዲሰፍርበት ያደርጋሉ። እነዚህ ከሌሉ ደብዳቤው መግባቱን ማስረዳት አይቻልም። የእናንተ ሦስት አቤቱታዎች የገቢ ቁጥር አላቸው? ከሌላቸው ከዜሮ እንደጀመራችሁ ቁጠሩት። በተደጋጋሚ የሚሰማው ሰበብ «ኃላፊው ሳይመራው አንቀበልም» ነው፤ ትክክሉ ግን ተቃራኒው ነው፣ መዝገብ ቤት ይመዘግባል፣ ኃላፊው ቀጥሎ ይመራል። እምቢ ካሉ ክርክር አትግጠሙ። ፖስታ ቤት ሄዳችሁ በአደራ ላኩት፤ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ የመላካችሁ ማስረጃ ነው። መጻፍ የማይችል ሰው በቃል ጠይቆ ባለሙያው በጽሑፍ እንዲያሰፍርለት ማድረግም ይቻላል።

ከገባበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን ቁጠሩ። ደብዳቤውን የሚቀበለው የወረዳው የሕዝብ ግንኙነት (ኮሙኒኬሽን) ኃላፊ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ በዚህ ጊዜ ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ጊዜው እንዲራዘምለት ከፈለገም ያንኑ በጽሑፍ ያሳውቃችኋል። ዝምታ እንደ ክልከላ ይቆጠራል። ከከለከለ ምክንያቱን መግለጽ አለበት፤ ምክንያቱም በአዋጁ ከተዘረዘሩት መካከል መሆን ይኖርበታል፦ የግለሰብ የግል መረጃ፣ የሦስተኛ ወገን የንግድ ምስጢር፣ በሂደት ላይ ያለ የወንጀል ምርመራ፣ የካቢኔ ሰነድና የመሳሰሉት። የተከፈለበት ውልና የክፍያ ሰርተፊኬት በጅምላ «ምስጢር» ሊባል አይችልም። የተወሰነ ክፍሉ መሸፈን ካለበት፣ ለምሳሌ የማኅበሩ አባላት መታወቂያ ቁጥር፣ እሱ ተሸፍኖ ቀሪው ይሰጣል። «ከበላይ አካል ፈቃድ አምጡ» የሚል የክልከላ ምክንያት በአዋጁ ውስጥ የለም።

ሰላሳውን ቀን በመጠበቅ አታባክኑት፤ መንገዱን ለኩ። የሃምሳ ሜትር መለኪያ ይዛችሁ፣ ሁለት ምስክር አስቁማችሁ፣ የተነጠፈውን ርዝመት በየሃያ ሜትሩ ከሚወሰደው ስፋት ጋር መዝግቡ። ለምሳሌ ርዝመቱ 180 ሜትር፣ አማካይ ስፋቱ 5 ሜትር ከሆነ 900 ካሬ ሜትር ነው። የክፍያ ሰርተፊኬቱ 1,120 ካሬ ሜትር ካለ የ220 ካሬ ሜትር ልዩነት አለ። ይህ ግን ወዲያው ሌብነት ነው ማለት አይደለም። መንገዱ ከሌላ መንገድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ይሰፋል፤ የቤት መግቢያዎች ተነጥፈው ሊሆን ይችላል፤ በመሐል የተሰጠ የለውጥ ትእዛዝ፣ ማለትም የሥራውን መጠን ወይም ዓይነት የሚቀይር የጽሑፍ ትእዛዝ፣ ሊኖር ይችላል። የጠርዝ ድንጋይ በካሬ ሳይሆን በሜትር ርዝመት ለብቻው ስለሚከፈል ከንጣፉ ጋር አትደምሩት። ልዩነቱ በእነዚህ ካልተብራራ ነው ጥያቄ የሚሆነው።

ጎርፍ ማፋሰሻው የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የቦዩ ግንብ ዛሬም ይለካል። ቁፋሮው፣ የተጠረገው አፈርና ከንጣፉ ሥር የገባው ሙሌት ግን ከተሸፈነ በኋላ አይታይም፤ በሜትር ኩብ የሚከፈሉትም እነሱ ናቸው። የክፍያ መጋነን የሚደበቀው በብዛት እዚያ ነው። የልኬት ወረቀቱን ከሰርተፊኬቱ ጋር ጠይቁ ያልሁት ለዚህ ነው፦ ሰርተፊኬቱ ድምሩን ብቻ ይናገራል፣ የልኬት ወረቀቱ ግን ርዝመት፣ ስፋትና ጥልቀቱን ለየብቻ ያሳያል። ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ኖሮት ወረቀቱ ላይ አንድ ሜትር ከሃያ ተቆፍሯል ከተባለ፣ መሐንዲስ ሳያስፈልግ ማንም ሰው ይጠይቃል። ንጣፉን ግን ራሳችሁ አንሥታችሁ ከሥር እንዳታዩ፤ «ነዋሪው አፈረሰው» የሚል ሰበብ በእጃቸው ትሰጣላችሁ።

መልስ ካልመጣ ወይም ሰነዱ ከተከለከለ፣ ቀጣዩ እርምጃ ለዚያው መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፣ ማለትም ለዋና ሥራ አስፈጻሚው፣ በጽሑፍ ይግባኝ ማለት ነው። ይህ ትርፍ ደረጃ ቢመስልም የሚዘለል አይደለም፤ ከዘለላችሁት የሚቀጥለው በር «መጀመሪያ እዚያ ጨርሳችሁ ኑ» ይላችኋል። ከዚያ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። የመረጃ ነፃነት አዋጁን የማስፈጸም ኃላፊነት የተሰጠው እሱ ነው፤ አገልግሎቱም ያለ ክፍያ ነው። የያዛችሁትን የገቢ ቁጥር ያለበት ደብዳቤ፣ ይግባኙንና ቀኖቹን በአንድ ገጽ ዘርዝራችሁ አቅርቡ። አንድ የተሳሳተ ተስፋ እንዳይኖራችሁ፦ ተቋሙ ገንዘብ አያስመልስም፣ ማንንም አያስርም። ሰነዱ እንዲሰጥ ግን ይጠይቃል፣ ይከታተላል። በእሱም ካልሆነ ፍርድ ቤት ይቀራል። በተጨማሪም የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ የሆነውን የአዲስ አበባ አስተዳደር አስፈጻሚ አካላትን ይመለከታል፤ የአስተዳደር ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሆን ያዛል፣ ውሳኔውም በፍርድ ቤት እንዲከለስ በር ይከፍታል። እስከዚህ ከሄዳችሁ ጠበቃ ያዙ።

ሰነዱ እጃችሁ ከገባና ቁጥሩ ካልገጠመ፣ ያኔ ወደ ላይ የሚወጣበት ጊዜ ነው። ግን ለሁሉም በአንድ ቀን አትበትኑት፤ እያንዳንዱ ቢሮ «ጉዳዩ በሌላ አካል እየታየ ስለሆነ» ብሎ ይዘጋዋል። ልዩነቱ የልኬትና የሒሳብ ከሆነ የከተማው ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ነው ቦታው። ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለከተማው ምክር ቤት ስለሆነ አስፈጻሚው እንደፈለገ አይዘጋውም። ኦዲተር ለእናንተ ብሎ ነገ አይመጣም፤ ጥቆማችሁ ግን ወረዳው ለኦዲት ሲመረጥ የት ቦታ መቆፈር እንዳለበት ያሳያል። ሐሰተኛ ፊርማ፣ ያልተሠራ ሥራ ክፍያ ወይም ለግል ሒሳብ የገባ ገንዘብ ካለ ደግሞ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ጥቆማ ይቀበላል፤ የወንጀል ምርመራውና ክሱ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ሥራ ነው። ለጠቋሚዎችና ለምስክሮች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 እንዳለም እወቁ፤ ስሜ እንዳይገለጥ የሚል ሰው ይህንኑ ከመጀመሪያው ቀን ይናገር።

ምክር ቤቱስ? በወረቀት ላይ ዋናው ተቆጣጣሪ እሱ ነው። የከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው፤ ሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ ተደርጎለት ነበር። የወረዳ ምክር ቤቶች የሚመረጡበት የአካባቢ ምርጫ ግን ከሚያዝያ 2005 በኋላ ለዓመታት አልተደረገም። ድምፅ የሚያስፈራው ተመራጭ በሌለበት ደረጃ ላይ «በሚቀጥለው ምርጫ እናያችኋለን» የሚለው ማስጠንቀቂያ ጉልበት የለውም፤ ለዚህም ነው በወረዳ ደረጃ ሰነድ ከፖለቲካ ጫና ይልቅ የሚሠራው ብዬ የማምነው። ቢሆንም የአፈ ጉባኤውን ግልባጭ አትርሱ። የምክር ቤት ስብሰባ ሲደርስ የግልባጩ ፋይል ይከፈታል፤ በፋይል ውስጥ ያለ ጉዳይ ለመነሣት ዕድል አለው።

ገንዘቡ ወረዳው ሒሳብ ገብቶ የማያውቅ ሆኖ ከተገኘ መንገዱ ይለወጣል። ኮሚቴው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ስላልሆነ የመረጃ ጥያቄ አይሠራበትም። ጠቅላላ ስብሰባ እንዲጠራ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የባንክ መግለጫውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ፣ የፈራሚዎቹን ስምና የወጪ ደረሰኞቹን ይዘው እንዲቀርቡ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ገንዘብ ለማሰባሰብ ስለሚቋቋሙ ኮሚቴዎች የራሱ ድንጋጌዎች አሉት፤ አባላቱ ለሰበሰቡት ገንዘብ አጠባበቅ ኃላፊ ናቸው። ብዙውን ጊዜ የሚያጋጥመው ግን ዝርፊያ ሳይሆን ዝርክርክነት ነው፦ በጥሬ ገንዘብ የተከፈለ የአሸዋ ዋጋ፣ ያለ ደረሰኝ የተከፈለ የጫኝ ገንዘብ፣ የወረዳ ሠራተኛ በቃል አዞት የወጣ ወጪ። የኮሚቴ አባላት ጎረቤቶቻችሁ ናቸው። መጀመሪያ በሰላም አስቀምጣችሁ ደረሰኝ ከደረሰኝ አመሳክሩ፤ ያኔ ራሳቸው ኮሚቴዎቹ በወረዳው ላይ ምስክር ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ስለመለጠፍ ለጠየቃችሁት፦ የምትለጥፉት ነገር የመለኪያ ፎቶና የደብዳቤው ገቢ ቁጥር ይሁን። ሰው በስም ጠርታችሁ «ሌባ» ካላችሁ የስም ማጥፋት ተከሳሽ ትሆናላችሁ፤ ከዚያ በኋላ የመንደሩ ጉዳይ የመንገዱ መሆኑ ይቀርና የእናንተ ክስ ይሆናል።

ስለ ጊዜ አንድ ነገር ልጨምር። በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱ ክፍያ ለመጨረስ ስለሚራኮት ለሰነድ ጥያቄ ጆሮ የለውም። ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ የገባ ጥያቄ የተሻለ ይሰማል። ሰነድ ፍለጋውንና መንገዱን ማስጨረስን ደግሞ በአንድ ደብዳቤ አታቀላቅሉ። የከተማው የ2017 በጀት ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነበር፤ ቀሪው የመንደራችሁ መንገድ የሚሠራው ግን በወረዳው ወይም በክፍለ ከተማው ዓመታዊ ዕቅድ ውስጥ በመስመር ከገባ ብቻ ነው። ዕቅድ የሚሰበሰበው ምክር ቤት በጀቱን ከማጽደቁ ወራት ቀደም ብሎ ነው፤ ስለዚህ ከጥር ወዲያ ሳታልፉ፣ ለብቻው በተጻፈ ደብዳቤ፣ የቀረውን ርዝመት፣ ስፋትና የቦዩን ሜትር ከለካችሁበት ወረቀት ጋር አያይዛችሁ አስገቡ። እዚያም ላይ የገቢ ቁጥር ይጻፍበት።